ጥርኝ ውሃና እንስራ

ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ያደገ ሰው ራሱን መግታት ያቃተውን ሰው ታሪክ መጀመሪያ የሚሰማው ከልብ ወለድ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው። ተአምረ ማርያም ሲነበብ፣ በተለይ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ፣ የቅምሩ ሰው ታሪክ ይመጣል። ስሙ ስምዖን ነበር ይባላል፤ እኛ ግን የምናውቀው በግብሩ ነው፦ በላዔ ሰብእ። 78 ሰው በላ። ከተበሉት ውስጥ ሚስቱና ልጆቹ አሉበት። አንድ ቀን ውሃ የጠማው፣ ገላው የቆሰለ ድኻ በመንገድ አገኘ። ድኻው በሌላ በሌላ ስም ሲለምነው እንቢ አለ፤ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በኋላ ነፍሱ ስትመዘን 78ቱ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላ ወገን ተቀመጡ። ሚዛን የደፋችው ውሃዋ ናት።

በልጅነቴ ይህን ስሰማ የሚያስጨንቀኝ የተበሉት ሰዎች ነገር ነበር። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከውሃዋ እስከ ሚዛኑ ባለው ጊዜ ሰውዬው ምን ሲያደርግ ቆየ? በማግስቱ ረሃቡ አልተመለሰበትም? አንዳንዱ ተራኪ ዋሻ ገብቶ ንስሐ ገባ ይላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ዘንድ ያ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። በሃይማኖቱ ላይ ቃል መናገሬ አይደለም፤ የተአምር መጽሐፍ ሥራው ተአምሩን መንገር ነው፣ ጎደለው አይባልም። የማወራው ስለ ትረካው አጥንት ነው። ያ አጥንት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ፊልማችንና ተከታታይ ድራማችን ውስጥ ገብቷል። ሱሰኛው ቤቱን ይበላል፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይበላል፣ ከዚያ ወይ ይሞታል ወይ በአንድ ሌሊት ይድናል። ማግስቱን የሚነግረን የለም።

የዚህ አገር ደራሲ ማግስቱን መጻፍ ስለማይችል አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁን ተመልከቱ። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስ፣ እዚሁ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ሱስ አይደለም። ጠላውና ጠጁ በዚያ መጽሐፍ የግብዣና የማዕረግ ነገር ነው። ግን በዛብህ የስለት ልጅ መሆኑን አትርሱ። ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሲያገለግል እንዲኖር ወላጆቹ ተስለውበታል። ሰብለ ወንጌልን ካየ በኋላ ያለው መከራው ሁሉ ቃልና ሥጋ የሚያደርጉት ሙግት ነው። አሁን በቃኝ ይላል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ ራሱን ይከስሳል፣ ለራሱም ጠበቃ ይቆማል። ፍቅሩን አውጥቶ በቦታው አረቄ ቢያስገቡበት (ሐዲስ ይቅር ይበሉኝና) ያ የልብ ሙግት እንዳለ ይሠራል። በስለት ስር ያለን ሰው ውስጡን ገብቶ የመጻፍ ችሎታ በአማርኛ ከስልሳ ዓመት በፊት ነበረ ማለት ነው። ወደ ሱስ ሳይሻገር ቀረ እንጂ።

ለምን አልተሻገረም? አንዱ ምክንያት ሰካራሙ የእኛ ሰው መሆኑ ይመስለኛል። በቀልዳችን ውስጥ ሰካራም ይወደዳል። እውነት ተናጋሪ እሱ ነው፤ ጨዋው የማይደፍረውን ለሹሙ በፊት ለፊት የሚናገረው እሱ ነው። በመድረክም በሬዲዮም እየተንገዳገደ ሲገባ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ይስቃል። የሚሳቅበት ሰው ደግሞ አይታከምም፤ ከዳነ ቀልዱ ያልቃላ። ቃሚው ግን ሌላ ዕጣ ደረሰው። ጫት በጽሑፋችን ውስጥ ከተጠቀሰባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው፤ እዚያም የሚመጣው በጠላት ፉከራ ውስጥ ነው። የይፋቱ ሰብረዲን ድል ሲያደርግ በንጉሡ ከተማ ጫት እንደሚተክል ይዝታል። ከዚያ ወዲህ ጫት ለደጋው ክርስቲያን የሌላ ሰው ነገር ሆኖ ኖረ፤ ዛሬ ባሕር ዳር ዙሪያ ገበሬው ራሱ እያለማው እንኳ። ስለዚህ በድራማ ውስጥ ጠጪው አጎታችን ነው፣ ቃሚው ደግሞ ልጃችንን ያበላሸ የከተማ ጓደኛ። አንዱ ያስቃል፣ አንዱ ያስፈራል። ሁለቱም ከውስጥ አይታዩም።

ከውስጥ ለማየት የደፈረው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» የአዲስ አበባን የሌሊት ሰፈር፣ ውቤ በረሃን፣ የሚያሳየው ቆሞ እየተመለከተ ሳይሆን አብሮ ተቀምጦ ነው። መጽሐፉ ሳይታተም ብዙ ዘመን የቆየው ስለ ገላ በሚናገረው ድፍረት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ አለመፍረዱ ነው። ሴቶቹም ወንዶቹም ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ደራሲው ጣቱን አይቀስርባቸውም። ሆኖም ርዕሱ ራሱ ገደቡን ይናገራል። በዚያ ዓለም አይነጋም። ሌሊቱን እንደ ስብሐት የጻፈ የለም፤ ማለዳ ግን የእሱ ጉዳይ አልነበረም።

በኋላ የመጣው ትውልድ ከስብሐት የወሰደው ሌላ ሆነ። ስብሐት ስለ ጫት በግልጽ ያወራ ስለነበር፣ አንዳንድ ጀማሪ ጸሐፊ ብዕርና ጫት መንትዮች መሰሉት። ያለ ምርቃና መስመር አይወጣም የሚል እምነት በየከተማው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አጋጥሞኛል። ስብሐትን ስብሐት ያደረገው ግን የንባቡ ብዛትና የጆሮው ጥራት ነው። ጫቱ ቢሆን ኖሮ ከአወዳይ እስከ ባሕር ዳር ስንት ስብሐት በኖረን!

ቴሌቪዥኑ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ተከታታይ ድራማ በደራበት ዘመን የቢራ ፋብሪካ ገንዘብ ከስርጭቱ የማይለይ ነበር፤ በድራማው ውስጥ አባት ጠጥቶ ቤት ያፈርሳል፣ በመሃል ማስታወቂያው ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይከፍታል፣ ተመልሰን ስንመጣ እናትየው ታለቅሳለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ያን ማስታወቂያ ከስርጭት አራቀው፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥንም ከለከለ። ማስታወቂያው ሄደ፤ ታሪኩ ግን እንደነበረ ነው። አሁን በዩቲዩብ የሚጎርፈው የምስክርነት ቃለ ምልልስ እንኳ ያንኑ ቅርጽ ይከተላል። ሰውዬው አርባ ደቂቃ ሙሉ እንዴት እንደወደቀ ይተርካል፤ ጠያቂው ያዝናል፣ እያንዳንዱን ስርቆትና እያንዳንዱን ድብደባ በዝርዝር ያስነግራል። «ታዲያ እንዴት ወጣህ?» ሲባል መልሱ ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ቀን እናቴን አየኋት፤ አንድ ቀን ጠበል ሄድኩ፤ አንድ ቀን በቃኝ አልኩ። «አንድ ቀን» የሚለው ቃል ጥርኝ ውሃ ናት።

እዚህ ላይ የሔርሞን ኃይላይን ፊልም ማንሳት አለብኝ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የአንድ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ወጣት ታሪክ ነው። ቴዲ የሴተኛ አዳሪ ልጅ ነው፤ መጠጥ፣ ጫትና ጠብ ያለፈ ሕይወቱ ናቸው። ልብ በሉ፣ ፊልሙ ሲጀምር ሱሱ አልፏል። ሌሎች ታሪኮች የሚያልቁበት ቦታ ላይ ይህ ይጀምራል። የሚጠብቀው ቄስም እንደ ለመድነው መስቀል አሳልሞ ብቻ አላሰናበተውም፤ ታክሲ ሰጠው። በየማለዳው የሚነሳበት ምክንያት፣ የሚጠረግ መስታወት፣ የሚቆጠር ሳንቲም ሰጠው ማለት ነው። ከዚያ ከአንዲት ሴት ጋር ሲጠላለፍ ታክሲዋ ትሰረቃለች፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ የፍለጋና የፍቅር ታሪክ ይሆናል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያ ስርቆት ነው። የተሰረቀው መኪና ብቻ ስላልሆነ። ያገገመ ሰው የተደገፈባት አንዲት የዕለት ሥራ ከሥሩ ስትነሳ ምን እንደሚውጠው ማየት በአማርኛ ፊልም ውስጥ ብርቅ ነው።

ያን ቄስ ሳይ ትዝ የሚለኝ ሙሴ ጸሊም ነው። ስንክሳር ሰኔ 24 ቀን የሚያስበው ይህ ሰው ወንበዴ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላና የሚጠጣ ሆዳም ነበር። ወደ ገዳም ገባ፤ እንደ በላዔ ሰብእ ግን በአንድ ሚዛን አልተጠቃለለም። ፈተናው አለቀቀውም። ሲጸናበት ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የአረጋውያኑን መነኮሳት እንስራ ከየበዓታቸው ደጃፍ እያነሳ ውሃ ሞልቶ ያመጣላቸው ነበር፤ ውሃው ሩቅ ነበርና። ይህን በስንክሳር የሚነበብ ታሪክ አንድ የሱስ ሐኪም ቢሰማው የራሱን ማስታወሻ ያነበቡለት ነው የሚመስለው። ሐራራው የሚብስበት ሰዓት ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን በሥራ ሞላው። ብቻውን አልቻለም፤ ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት የሚያንኳኳው በር ነበረው። ከአገልግሎቱ ማግስትም ፈተናው ነበረ። አሜሪካ አክሮን ከተማ በ1935 እ.ኤ.አ. ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የመሠረቱት የሱሰኞች ማኅበር «ሲከብድህ የምትደውልለት ሰው ያዝ» እያለ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ትውፊታችን ሁለት ሞዴል ሰጥቶን ነበር፦ ጥርኙንና እንስራውን። ደራሲዎቻችንና ፊልም ሠሪዎቻችን ጥርኙን ወሰዱ። ምክንያቱም ይገባኛል። ጥርኝ ውሃ ለካሜራ ትመቻለች፤ እንባ አላት፣ ሙዚቃ ይገባላታል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታልቃለች። እንስራ መሸከም ግን እንዴት ይቀረጻል? ዛሬ ተሸከመ፣ ነገም ተሸከመ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻርልስ ጃክሰን በ1944 እ.ኤ.አ. «ዘ ሎስት ዊክኤንድ» የተሰኘውን የአንድ ጠጪ የአምስት ቀን ታሪክ ሲያሳትም በልብ ወለዱ መጨረሻ ሰውዬው አልዳነም፤ የሚቀጥለውን ዙር እያሰበ ነው የሚተወን። በዓመቱ ቢሊ ዋይልደር ፊልም ሲያደርገው መጨረሻው ተስፋ ሆነ፣ ኦስካርም አገኘ። ሆሊውድም ጥርኙን ይወዳል። ጄምስ ቦልድዊን በ1957 እ.ኤ.አ. የጻፈው «ሶኒስ ብሉዝ» ግን ሌላ መንገድ አሳየ። ታሪኩን የሚነግረን ሄሮይን የጎዳው ሙዚቀኛ አይደለም፤ አስተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ያልገባው ሰው። መጨረሻው ላይ የወንድምየው ዋና ሥራ መስማት ነው። የታናሹ ሕይወት ተስተካከለ የሚል ቃል የለም። አንድ ምሽት ተጫወተ፣ አንድ ምሽት ተሰማ።

ይህን መንገድ ወደ እኛ ሰው ያመጣው ከአገር ውጭ ያደገ ደራሲ ሆነ። ዲናው መንግሥቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው «ሰምዋን ላይክ አስ»፣ እንደኛ ያለ ሰው እንደማለት፣ በቨርጂኒያ ስለሚኖር ሳሙኤል ስለተባለ ታክሲ ነጂ ነው፤ እዚህም ታክሲ! ተራኪው ማሙሽ ፓሪስ የሚኖር ጋዜጠኛ ነው፣ ሳሙኤል አባት የሆነለት ሰው ነው፤ ማሙሽ ወደ አሜሪካ ሲመጣ የሳሙኤል ሞት ይጠብቀዋል። ሱስ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ግን እንደ ኢትዮጵያዊ ቤት ነው ያለው። ተሸፋፍኖ። «ደክሞት ነው»፣ «ሥራ በዝቶበት ነው»፣ «ትንሽ አሞት ነው» እያልን የምንኖርበት ቤት። ዲናው የደበቅነውን ነገር አውጥቶ አይጥለውም፤ የመደበቁን ሥራ ነው የሚያሳየን። ማን ምን ብሎ እንደዋሸ፣ እውነቱን ለምን እንዳልተናገረ፣ ልጅየው ከየትኛው ዝምታ ምን እንደተማረ። ይህ በእንግሊዝኛ መጻፉ ቅር ያሰኘኛል። ዝምታው አማርኛ ነውና።

ጸሐፊ የሚጽፈውን ሥጋ ማወቅ አለበት፤ እዚህ ላይ ድራማችን አጥፊ ስህተት ይሠራል። የተለመደው ትዕይንት ይህ ነው። ጠጪው ታስሮ ጠበል ቤት ይገባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይጮኻል፤ ቤተሰቡ «ክፉ መንፈሱ ሊወጣ ነው» ብሎ ይደሰታል፣ በሦስተኛው ቀን ጸጥ ይላል፣ ዳነ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከዚያም እስከ አራተኛው ቀን ገደማ ሊቃዥ፣ ልቡ ሊጣደፍ፣ ሊሞትም ይችላል። ያ መንቀጥቀጥ የሐኪም ጥሪ ነው። ጠበሉም ሐኪሙም ባንድ ላይ የማይሆኑበት ምክንያት የለም፤ ድራማው ግን አንዱን ለማክበር ሌላውን ከታሪኩ ያወጣዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል በሕዝብ አፍ «አማኑኤል ገባ» ተብሎ የስድብ ያህል ሲነገር ኖረ። ከሱስ ለመላቀቅ እዚያ የተኛን ሰው በክብር ያሳየ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

ጫት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። እሱን ያቆመ ሰው አይንፈራገጥም። በአሜሪካ ፊልም የለመድነው የሄሮይን ትዕይንት፣ ፍራሽ ላይ የሚንከባለለው፣ ለጫት አይሆንም። ቢያንቀላፋ፣ ቢደብተው፣ ሌሊት ዱካክ ቢይዘው ነው። የጫት ሐራራ ሰውነት ውስጥ ካለው ይልቅ ሰዓት ውስጥ ያለው ይበልጣል። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት። ፀሐይዋ ከሰባት ሰዓት ወዲያ ስትል ጓደኞችህ የት እንዳሉ ታውቃለህ፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ውሃው ተቀምጧል፣ ዕጣኑ ጨሷል፣ ጨዋታው ሞቋል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን የሚሰብረው ጨብሲ አለ። አንተ ያቆምከው ቅጠል ነው፤ ያጣኸው ግን ከሰዓቱን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ያህሉ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አስፍሯል። ይህን ያህል ሰው የሚያውቀው ከሰዓት በልብ ወለዳችን ውስጥ የት አለ? ጄሲካ በሽር በ2013 ዓ.ም. ያሳየችው «ፋያ ዳዪ» በሐረር ዙሪያ ይህን ሰዓት በጥቁርና ነጭ ምስል ይዞታል፤ የሕይወት ውሃን ፍለጋ የወጣ ሰው አፈ ታሪክም እየተመላለሰ ይተረክበታል። ግን እሱ ዘጋቢ ፊልም ነው። ልብ ወለዱ አልተከተለም።

ወደ ደብረ ወርቅ ልመለስ፤ ያልተጻፈው ልብ ወለድ እዚህ ያለ ይመስለኛልና። በደጋው ጎጃም ከመጠጥ መላቀቂያ የቆየ ሥርዓት አለን፤ ግዝት። ሰውዬው ራሱ ካህን ዘንድ ይሄድና «ከአረቄ ይገዝቱኝ» ይላል። ለአንድ ዓመት፣ ወይም እስከ ፋሲካ፣ ወይም ዕድሜ ልክ። ግዝቱ ውስጥ ድርድር አለ፤ አንዳንዱ አረቄውን ብቻ ይገዘታል፣ ጠላውን ያስቀራል፤ አንዳንዱ ከቤት ውጭ የሚጠጣውን ብቻ። ይህ ድርድር ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው። ሰው ከራሱ ጋር ሲዋዋል የትኛዋን ቀዳዳ ክፍት እንደሚተው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ግዝቱን ያፈረሰ ደግሞ ኀፍረቱ እጥፍ ነው፤ በካህኑ ፊትም በመንደሩም። ስለዚህ ሲያዳልጠው አይመለስም፣ ይሸሻል፤ ተደብቆ መጠጣት ይጀምራል። ሙሴ ጸሊም አባ ኤስድሮስ ዘንድ ደጋግሞ መመለስ የቻለው የሚቀበለው ስለነበረ ነው። የእኛ ግዝተኛ ሁለተኛ ቀን ደጁን ሊያንኳኳ ያፍራል። አንድ ደራሲ ያን እፍረትና የንስሐ አባቱን ትዕግሥት ፊት ለፊት ቢያገናኛቸው መጽሐፉ ራሱ ይሄዳል።

ሌላም ሰው አለች፣ ማንም የማይጽፋት። አረቄ አውጪዋ። በጌሾና በብቅል ድፍድፏን ጥላ፣ ጭስ ዓይኗን እያቃጠላት ተራውንና ዳግሙን የምታወጣው ሴት ብዙ ጊዜ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። የደምበጫ አረቄ በስሙ የታወቀ ሲሆን፣ ያን ስም ያወጡት ሴቶች ስም የላቸውም። ድራማው ካስታወሳት እንደ አሳሳች ነው የሚያሳያት። እሷ ግን ደንበኛዋ ሲገዘት ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሰማታል። ለሚስቱ ደስ ይላታል፤ ጎረቤቷ ናት፣ ሲደበድባት በአጥር ሰምታለች። ደግሞ የወሩ የልጇ ደብተር የሚገዛው በእሱ መለኪያ ነበር። የእሱ ማገገም የእሷ ዕዳ ነው። መልካም ልብ ወለድ የሚኖረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለት ትክክል ሰዎች አንድ መለኪያ ፊት ሲቆሙ።

አንድ የማውቀው ሰው ባለፈው ዓመት ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ከአረቄም ከጠላም ተገዘተ። ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ያልሆነው ግን ሰው የሚያስበው ቦታ አይደለም። አረቄ ቤቱን ማለፍ ቻለ፤ በታች በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ፣ አሥር ደቂቃ ይረዝማል፣ በቃ። ያቃተው ማኅበሩ ነው። የ21 ማርያም የጽዋ ማኅበር አለው፤ ስሙ ራሱ ጽዋ ነው። ከአባቱ የወረሰው ቦታ ነው፣ ትቼዋለሁ አይባልም። የመጀመሪያው ወር ብርዝ ቀዱለት። ቀጥሎ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ ክፋት አስበው ሳይሆን በፍቅር፣ «በሞቴ፣ የማርያምን ጽዋ እንዴት ትመልሳለህ? ከከንፈርህ አስነካት» አሉት። የግዝቱን ነገር በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸውም በጆሮው መለሱለት፤ ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ያን ማታ ቤቱ ሲደርስ ገና ሦስት ሰዓት እንዳልሞላ፣ ሦስት ሰዓት የሚባል ነገር በሕይወቱ እንደነበረም ረስቶት እንደቆየ ነገረኝ። ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ የበሬውን ቀንበር አውጥቶ ሲጠግን አመሸ።

እንዲህ ስድስት ወር ዘለቀ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አዳልጦት ነበር፤ ይህን የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ ጓዳ ገብታ እያለ ነው። ለንስሐ አባቱ ነግሯቸው እንደሆነ ስጠይቀው ዝም አለ።

ባለፈው ማኅበር ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ቆመው ጽዋውን አስረከቡት። የሚመጣው ወር ተራ የእሱ ነው። ማኅበርተኛው ሃያ አራት ነው፤ ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ባለቤቱ ቀድሞ ቀምሶ ነው ለእንግዳው የሚቀዳው። ጌሾው ተወቅጧል። ትናንት በደጃፋቸው ሳልፍ ሚስቱ እንስራውን በወይራ ታጥን ነበር።